ቀጭን ኪስ፣ ጥልቅ በረዶ

ጥቅምት አጋምሶ የኮሎራዶ ተራሮች አናታቸው ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር፣ በዴንቨርና በዙሪያዋ ያሉ ወንዶችን አንድ በሽታ ያገረሽባቸዋል። ሐኪም አያውቀውም፤ ሚስት ግን ገና ሲነሳ ትለየዋለች። ሰውየው ራት ቀርቦለት ስልኩን አያስቀምጥም። አንገቱን ደፍቶ ፎቶ ያጎላል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያጎላል። ቆይቶ ማንም ሳይጠይቀው «163 ኢንች ናት፤ ጥርሷ ገና አልተበላም» ይላል። ያገለገለ የተራራ ስኖውሞቢል ሊገዛ ነው።

በሽታው ኦሮራ፣ ሀቫና ጎዳና ድረስ ዘልቋል። እዚያ ካሉት ያበሻ ምግብ ቤቶች ወጥቶ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ተራራውን ያየዋል። ብዙው ሀበሻ ግን ከተራራው ጋር የነበረው ትውውቅ ለዓመታት የሥራ ብቻ ነበር፤ ከኤርፖርት ቱሪስት ጭኖ በኢንተርስቴት 70 ወደ ቬይል መውጣት፣ መንገዱ እስኪጠረግ ተሰልፎ መጠበቅ፣ ባዶውን መመለስ። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ሆኖ ቪዲዮ ያሳየዋል። ሰው ደረቱ ድረስ በረዶ ውስጥ ገብቶ፣ ከፊቱ ነጭ ጭስ እየበተነ፣ ያለ መንገድ ሽቅብ ይጋልባል። ከዚያን ቀን ወዲያ ሾፌራችን ያው ሾፌራችን አይደለም።

ገዥው እንበለው። ገዥው 8 ሺሕ ዶላር አጠራቅሟል፤ ሚስቱ የምታውቀው 5 ሺሑን ነው። አዲስ የተራራ ስኖውሞቢል ዛሬ ከ15 ሺሕ ዶላር በላይ ነው፤ ቱርቦ የተገጠመለት 20 ሺሑን ይሻገራል። ስለዚህ ከሱቅ መግዛት ከወዲሁ ቀርቷል። የሚቀረው ያገለገለ ነው፣ ያገለገለ ደግሞ የሚገዛው በማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያን አነጋገር ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። «ሳቆመው ይሠራ ነበር» ከተባለ አሁን አይሠራም። «ትንሽ ሥራ ብቻ ይፈልጋል» ከተባለ ሞተሩ ወርዶ ካርቶን ውስጥ ነው። «ተገልብጦ አያውቅም» የሚለው ደግሞ ተራራ ወጥቶ አያውቅም ማለት ካልሆነ በቀር ውሸት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ ምሎ ተገዝቶ «ዶክተር ሲነዳት የኖረች» ያላትን መኪና የገዛ ሰው እዚህ ገበያ ውስጥ ባይተዋር አይሆንም።

ገዥው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ሞተር ነው። ስንት ሲሲ ነው? ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ያየው ሁሉ እንዲህ ሲጠይቅ ነውና አይፈረድበትም። በረዶው ግን ስለ ሞተር የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ርዝመት፣ ስለ ክብደትና ስለ ጋላቢው እጅ ይጠይቃል። በዚህ ቅደም ተከተል መዛባት ስንት ሰው ገንዘቡን ጉድጓድ ውስጥ እንደጨመረ የሚያውቀው ተራራው ብቻ ነው።

መሣሪያው ራሱ ከመነሻው ለፍጥነት አልተሠራም። ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ፣ ቫልኩር በምትባል መንደር ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ የሚባል መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ትርፍ አንጀቱ ታመመ። መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር አባት ልጁን ሆስፒታል ማድረስ አልቻለም፤ ልጁ ሞተ። ቦምባርዲዬ በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ መሞከር የጀመረው ከዚያም በፊት ነበር፤ በ1937 ግን በጥርስ የሚዞረውን የጎማ ሰንሰለት አስመዝግቦ ሰባት ሰው የሚጭን ዝግ ተሽከርካሪ ገበያ አወጣ። ሐኪም፣ ቄስና ፖስታ የሚያመላልሰው እሱ ሆነ። አንድ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ ስኪዱ የተባለው ቀላሉ መሣሪያ የመጣው በ1959 ነው። ሰው ለማትረፍ የታሰበው ነገር፣ ጤነኛ ሰው ጠዋት ወጥቶ ራሱን በበረዶ የሚቀብርበት ይሆናል ብሎ የገመተ የቫልኩር ነዋሪ የነበረ አይመስልም።

ድንበሩን ተሻግሮ ሚኔሶታ፣ ሮዞ ከተማ ላይ ደግሞ ፖላሪስ የሚባለው ፋብሪካ ነበረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድጋር ሄቲን በ1960 መኪናው እንደሚሠራ ሊያሳይ አላስካን ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ተመለሰ። ሲመለስ የጠበቀው ጭብጨባ ሳይሆን የባልደረቦቹ ቅሬታ ነበር፤ ፋብሪካውን ትቶ ሄደና ኋላ አርክቲክ ካት የተባለውን አቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአምራቾቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ በጣት ይቆጠራሉ። ያማሃ ከ1968 ጀምሮ ቆይቶ በ2025 ሞዴል ተሰናበተ፤ አርክቲክ ካት በ2024 መጨረሻ ምርት አቋርጦ በ2025 ወደ አዲስ ባለቤቶች ዞረ። ይህ ለገዥው ታሪክ ብቻ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ መሣሪያ ሲገዛ መለዋወጫውን ከማን እንደሚያገኝ አብሮ መግዛቱ ነው። ቅርብ ያለው ነጋዴ የሚያውቀው የትኛውን ነው? ይህ ጥያቄ ከቀለሙ ይቀድማል፤ ምንም እንኳ የቀለሙ ጥያቄ በማስታወቂያው ሥር አርባ ሰው ሲያከራክር ቢውልም።

አሁን ወደ ሞተሩ። የተራራ ስኖውሞቢል በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት፣ መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሉት ሞተር ነው የሚገጠምለት፤ ከክብደቱ አንጻር ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ። ባለ አራት ምቱ ጸጥ ያለ፣ ጭሱ ያነሰ ነው፤ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የጭስና የጩኸት ልክ ስላወጣ እዚያ የሚታየው በአብዛኛው እሱ ነው። ግን ከባድ ነው። የኋላኞቹ 850 ሲሲ ሞተሮች ወደ 165 ፈረስ ጉልበት ያወጣሉ ይባላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ልክ ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ቬይል ፓስ የሚባለው መተላለፊያ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ከ165ቱ የሚቀረው 110 ያህሉ ነው። በአሮጌ ታክሲ እንጦጦን የወጣ ሰው ይህን ያለ ፊዚክስ መምህር ያውቀዋል፤ መኪናዋ ስታቃስት ተሳፋሪው አብሮ ይገፋ ነበር።

የጠፋውን አየር ቱርቦ ይመልሰዋል። ስኪዱ በ2020 ሞዴል ከፋብሪካ የወጣ ቱርቦ ባለ ሁለት ምት ሲያቀርብ፣ ፖላሪስም በ2022 ሞዴል ተከተለ። ሁለቱም ለ8 ሺሕ ዶላር ሰው አይደሉም። አደጋው ያለው ከዚህ በታች ነው፤ አንዱ ጎበዝ ጋራዡ ውስጥ ራሱ ቱርቦ የገጠመለት፣ ዋጋው አጓጊ፣ ፎቶው ላይ እሳት የሚተፋ አሮጌ ሞዴል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ወገንተኛ ነው፤ የሰው እጅ ያልገባበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መሣሪያ ይሻላል። ማርሚታው ተቀይሯል፣ ኮምፒውተሩ ተነክቷል፣ ቱርቦ ታክሏል የተባለ ሁሉ የሻጩን ደስታ እንጂ የገዥውን ዕድሜ አያረዝምም።

ፓውደር የሚባለው በረዶ ገና የወረደ፣ ማንም ያልረገጠው፣ እፍ ሲሉት የሚበን ነው። ኮሎራዶ ላይ አንድ ሜትር እንዲህ ያለ በረዶ ቢቀልጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ውሃ ነው የሚወጣው። የቀረው አየር ነው። ታዲያ 200 ኪሎ መሣሪያና 80 ኪሎ ሰው በምን ላይ ይቆማሉ? መልሱ ትራኩ ነው፤ ከሥር የሚዞረው የጎማ ሰንሰለት። በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ የሚሄደው ስኖውሞቢል ትራኩ ከ120 እስከ 137 ኢንች ሲሆን ጥርሱ 3 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። የተራራው በአብዛኛው ከ154 ይጀምርና 163፣ 165፣ ከዚያም እስከ 175 ይሄዳል፤ ጥርሱ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ቁጥሩ የትራኩ ሙሉ ዙር ነው፤ 163 ኢንች ቆርጠው ቢዘረጉት ከ4 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ክረምት በገባ ቁጥር በጭቃ ላይ ሳንቃ እያጋደመ ደጁ የሚደርስ ሰው ምክንያቱን አይስተውም፤ ክብደት በሰፊው ሲዘረጋ አይሰምጥም። አጭር ትራክ ዱቄት በረዶ ውስጥ ገብቶ ጋዝ ሲሰጡት ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ታች ይቆፍራል፤ ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። ለዚህ ነው ባለ 850 ሞተር አጭሩ መሣሪያ ተቀብሮ ሳለ አሮጌው 800 ረጅሙ በአጠገቡ ሰላምታ ሰጥቶ የሚያልፈው።

«እንግዲያው ረጅሙን ልግዛ» ማለት ግን አይደለም። 175 ኢንቹ ሽቅብ ያስወጣል፤ ዛፍ ለዛፍ ሲታጠፉ ግን ከጋላቢው ጋር ይጣላል። ይከብዳል፤ ለማዞርም የሚበቃ ሞተር ይፈልጋል። ለጀማሪ፣ በተለይ ሰውነቱ ቀለል ላለ ጀማሪ፣ 154 ወይም 155 ኢንች ይበቃዋል፤ ደልደል ያለው ወይም ገደሉ የማይለቀው 163 ይያዝ። ስፋቱ 15 ወይም 16 ኢንች ነው፤ በዚህ ላይ የሚጨቃጨቁ ብዙ ናቸው፣ በ5 ሺሕ ዶላር ደረጃ ግን ጭቅጭቁ ትርፍ ነው። ከፊት ያሉት የሁለቱ ስኪዎች ርቀት ግን መታየት አለበት። የተራራው ጠበብ ይላል፤ ምክንያቱም ጋላቢው መሣሪያውን በጎኑ አጋድሞ ነው ገደሉን የሚያቋርጠው፤ ሰፊ የሆነው አልጋደምም ይላል።

በጥቅሉ ገዥው ከ2013 እስከ 2017 ባሉት ሞዴሎች ላይ ቢያተኩር፣ 800 ሲሲ፣ ያልተነካ ሞተር፣ ከ154 እስከ 163 ኢንች፣ በ4 ሺሕና በ7 ሺሕ ዶላር መካከል የሚበቃውን ያገኛል። ሚኔሶታ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ተሸጧል ብሎ የሚልክለት ወዳጅ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይረክሳል። ሜዳ አገር የኖረ መሣሪያ ግን ፍሪሲዮኑ ለዚያ አየር የተመጠነ ነው፤ ጉልበት ያነሰው ሞተር የፍሪሲዮኑን ክብደቶች ይዞ ተራራ ላይ ትክክለኛ ዙሩ አይደርስም። ክብደቶቹንና ሞላዎቹን ለከፍታ መቀየር ያስፈልጋል። የመጓጓዣው ቤንዚንም አለ።

እዚያው ኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ ግራንቢ ከተማ አጠገብ አንድ ሻጭ ተገኘ እንበል። ገዥው ብቻውን አልሄደም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ የነበራቸውን አንድ አዛውንት ጎረቤት ለምኖ ይዟቸው ሄደ። አዛውንቱ ስኖውሞቢል በቅርብ አይተው አያውቁም። ከመኪና ወርደው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ሰላምታ ሰጥተው ሲያበቁ ጓንታቸውን አወለቁና ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን ጣል አደረጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሞተር ሞቋል።»

«እና ጋሼ፣ ጥሩ አይደለም እንዴ? ይነሳል ማለት ነው።»

«እኛ ከመምጣታችን በፊት ለምን አሞቀው? ቀዝቅዞ እምቢ የሚል ሞተር ነው ቀድሞ የሚሞቀው። በለው፣ እንጠብቃለን፤ ይቀዝቅዝ።»

ሻጩ ሳይወድ ሳቀ። ጠበቁ። አንድ ሰዓት ያህል በቅዝቃዜ ቆመው ሳለ አዛውንቱ ሥራ አልፈቱም። ኮፈኑን አስከፍተው የቺንጊያ ፍርፋሪ ፈለጉ፤ ፍሪሲዮኑ ዙሪያ ጥቁር ክርና የጎማ ብናኝ ነበር። ቺንጊያ የሚበጠሰው ወይ ሲረጅ ወይ ፍሪሲዮኑ ሲጣመም ነው፤ ዋጋው ከ150 እስከ 250 ዶላር ስለሆነ በወር አንዴ የሚበጥስ መሣሪያ ርካሽ አይባልም። ከዚያ ከኋላ አንስተው ትራኩን በእጃቸው አዞሩት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ ከትናንሾቹ ጎማዎች አንዱ ይንጫጫል። «ኩሽኔታ ነው፤ ይህ ቀላል ነው።» የጎደሉ ጥርሶች ቆጠሩ። ትራኩ የሚያልፍበትን የአሉሚኒየም ዋሻ ሥር በባትሪ አዩ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ትራኩ እየወረወረ የሚረጨው በረዶ እዚያ ላይ ሲያርፍ ነውና የተጨፈለቀ ማቀዝቀዣ ነገ የሚያፈስ ማቀዝቀዣ ነው። ሪቬቶቹ ላልተዋል፣ የኋላው ጫፍ ትንሽ ቆልመም ብሏል።

«ተገልብጦ አያውቅም» አለ ሻጩ።

አዛውንቱ እንግሊዝኛው ሳይተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ገዥው ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ተነሳ። ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ ካንዴላዎቹን ነቅለው ኮምፕረሽን ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሚኔሶታ ላይ የሰማውን ቁጥር ግራንቢ ላይ ይፈልጋል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። መታየት ያለበት የሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ፒስተን ወይም ፋሻ ታሟል። የዚህኛው ተቀራረበ። ማይሉ ከ2 ሺሕ በላይ ነበር፤ ለመኪና የአንድ ወር መንገድ ነው፣ ባለ ሁለት ምት የተራራ ሞተር ግን በዚህ ዕድሜው ሰው የሚጠረጥረው ነው። ብዙ መካኒኮች 3 ሺሕ ማይል ሲያልፍ ፒስተኑ ተከፍቶ ይታይ ይላሉ። ሻጩ 6,500 ብሎ ነበር። ኩሽኔታው፣ ሪቬቱ፣ የቺንጊያው ፍርፋሪ፣ የጎደሉት ጥርሶች፣ አንድ በአንድ ከዋጋው ላይ ወረዱ። በ5,400 ተዘጋ።

የቀረው 2,600 ዶላር ነው፤ ገዥው በዚህ ብር ማርሚታ ሊያስቀይር አስቧል። ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተሳቢ ያስፈልጋል፤ ያገለገለውም ሆኖ ከሺሕ ዶላር ብዙ አያንስም። ተሳቢው አፓርታማው ግቢ ውስጥ እንደገባ ሚስት ከመስኮት ታየዋለች፤ የተደበቀው 3 ሺሕም ያን ቀን ምሽት ወጣ። «አንተ፣ ለመሆኑ ይኼ ነገር በበጋ ምን ያደርጋል?» ስትለው «ይቆማል» ብሎ መለሰ። ሐቀኛ መልስ ነበር፤ አልጠቀመውም። ከዚያ ምዝገባ፣ ትርፍ ቺንጊያ፣ የሞተር ዘይት፣ የራስ ቁር፣ ውሃ የማያስገባ ልብስና ጫማ አለ። ቤንዚኑም ቢሆን ርካሹን አይወድም። ታንኩ 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ሲታገሉ ውለው በአንድ ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ግን ማስታወቂያ ላይ የማይታየው ነው፤ የናዳ ጠቋሚ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ። ሦስቱ አንድ ላይ 500 ዶላር ገደማ ይፈጃሉ። የበረዶ ናዳ በአሜሪካ በአንድ ክረምት በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሰው ይገድላል፤ ስኖውሞቢል ጋላቢዎች ከሟቾቹ ብዙውን ድርሻ ከሚይዙት ናቸው። ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ለመጋለብ ደስ የሚለውም ያው ተዳፋት ነው። ሟቹን የሚቀብረውን ናዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሳው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት የመጣ ሰው ነው። የታፈነ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ከሦስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ የሚያድነው ሄሊኮፕተር ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው አካፋ ነው። አጠገቡ ያለው ሰው አካፋውን መኪና ውስጥ ትቶት ከመጣ ደግሞ ማርሚታው ምንም ያህል ቢጮህ አይቆፍርም።

ጠቋሚው ሲለበስ ልብስ ሥር፣ ከስልክ ራቅ ተደርጎ ነው፤ ስልክ ሞገዱን ይረብሸዋል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል ክረምቱን በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ አደጋውን በነጻ ያወጣል፤ ከ8 ሺሕ ዶላሩ ውስጥ ምንም የማይነካው ይህ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው የማያነበውም ይህንኑ ነው። ሌላም አለ። ገደሉን ማን ከፍ ብሎ ይወጣል የሚባለው ፉክክር የታወቀ ነው፤ አንዱ ወጥቶ መሃል ላይ ሲቀበር ጓደኛው «ላግዘው» ብሎ ይከተላል። ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ተዳፋት። ሕጉ አንድ በአንድ ነው፤ የተቀበረው ራሱ ቆፍሮ ይውጣ፣ ሌሎቹ ከሥር ሳይሆን ከዳር ቆመው ይዩት። ይህ በሀበሻ ይሉኝታ ከባድ ነው፤ ሰው ወድቆ ቆሞ ማየት እንዴት ይሆናል?

ገዥው ይህን ሁሉ ካሟላ በኋላም መንዳቱ ይቀራል። ሃያ ዓመት ሾፌርነት እዚህ አያገለግልም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ገደሉን በአግድም ሲያቋርጥ መሣሪያው ቁልቁል መንሸራተት ይፈልጋል፤ ሾፌሩ በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ላይኛው ተራራ ይጠመዝዛል፣ እና ያን ጊዜ ቁልቁል ይሄዳል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፤ መሪውን ወደ ገደሉ መልሶ፣ በላይኛው መርገጫ ላይ በአንድ እግር ቆሞ፣ ሰውነትን ወደ ተራራው መጣል። ያኔ መሣሪያው በላይኛው ጠርዙ ላይ ይጋደምና ጥርሱን በረዶው ውስጥ ሰክቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወንበሩ ያለው ለምሳ ሰዓት ነው።

መቀበሩ አይቀርም። የተቀበረ ሰው ሁለተኛ ስህተት ጋዙን እስከ ጥግ መሳብ ነው፤ ትራኩ ይቆፍራል፣ መሣሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። ባለሙያዎቹ ወዲያው ያጠፉትና ከፊት ያለውን በረዶ በእግር እየረገጡ ያጠነክራሉ፤ ትራኩ ሥር ያለውን በአካፋ ያወጣሉ፤ አንዱ ስኪው ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ያዞራል፤ ሌላው ከኋላ ያነሳል፤ ባለቤቱ ጎን ቆሞ ጋዙን በስሱ ይሰጣል። ሦስት ሰው ይበቃል። አራተኛው ሁልጊዜ አለ፣ እሱ ቪዲዮ ያነሳል።

ገዥው መጀመሪያ የተቀበረ ቀን የተነሳው ቪዲዮ ማታውኑ አዲስ አበባ ደረሰ። እናቱ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ በዚያ ብርድ ምን አጥተህ ነው ጉድጓድ የምትቆፍረው?»

«እማዬ፣ ጨዋታ ነው። ይኼ መሣሪያ በበረዶ ላይ ይሄዳል።»

«እኔ ያየሁት ቆሞ ነው። ስንት ገዛኸው?»

«አምስት ሺሕ ምናምን… ዶላር።»

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«አንድ።»

«አንድ?» አሉ እናት፤ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ዘወር ብለው ዋጋውን በብር ያሰሉላቸው ጀመር።